የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋርና የስድሳው ቆሮ አስተዳደር

 

በሜክሲኮ አደባባይና በልደታ ዙሪያ ሱቅ ከፍታችሁ የምትነግዱ ወንድሞች፣ ቤታችሁን በዚያ መሥርታችሁ ልጆቻችሁን የምታሳድጉ እናቶችና አባቶች ሆይ፤ በመሳቢያችሁ ውስጥ የምታኖሩት ወረቀት በየዘመኑ የተለያየ ማኅተም እንዳረፈበት ታውቃላችሁ። በደርግ ዘመን ከፍተኛና ቀበሌ ይባል ነበር፤ ኋላም ዞንና ወረዳ መጣ፤ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በ10 ክፍለ ከተማ ስትከፈል ልደታ ከዐሥሩ አንዷ ሆነች፤ በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ተጨምሮ ቍጥሩ 11 ደረሰ። ቀበሌውም በከተማይቱ ቀርቶ በስፍራው ወረዳ ተተካ፤ ሽማግሌው ግን ዛሬም መታወቂያውን የቀበሌ መታወቂያ ብሎ ይጠራዋል፤ አንደበት ከአዋጅ ይልቅ ቀስ ብሎ ይለወጣልና። የጽሕፈት ቤቱ ስም በተለወጠ ጊዜ ሰው ሁሉ ወዴት ልሂድ ብሎ ይጠይቃል። ከጠረጴዛው ወዲያ የተቀመጠውን ሹም ማን ሾመው፣ ማንስ ሊሽረው ይችላል፣ ግብሩን የሚቀበለው እርሱ ነው ወይስ ሌላ፣ ብሎ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው።

ይህን ጥያቄ በሥራ ከመለሱት የአገራችን ሙስሊም ነገሥታት መካከል ስማቸው ከሁሉ ይልቅ የታወቀው የጅማው አባ ጅፋር ናቸው። ወደ ከተማቸው የሚያደርሰው መንገድ ከእናንተው ደጃፍ ይነሣል፤ ከሜክሲኮ በልደታና በጦር ኃይሎች በኩል ወደ ምዕራብ ወጥቶ፣ ሰበታን፣ ወሊሶንና ወልቂጤን አልፎ፣ የጊቤን ወንዝ ተሻግሮ፣ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ጅማ ይገባል።

በዚያ አገር፣ በጊቤ ወንዝ ማዶ፣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ቆመው ነበር፤ እነርሱም ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ ናቸው። የጅማን መንግሥት ያጸናው የመጀመሪያው አባ ጅፋር ሲሆን በ1830 በአውሮጳ አቈጣጠር ገደማ ነገሠ፤ እስልምናንም ተቀበለ። አባ ጅፋር የሚለው የፈረስ ስም ነው፤ በዚያ አገር ልማድ ጀግናና ንጉሥ የሚጠራው በፈረሱ ስም ነበርና። ዛሬ ሕይወታቸውን የምናወሳው ሁለተኛው አባ ጅፋር በ1861 ገደማ ከአባ ጎሞል ተወለዱ፤ አባታቸውም በ1878 በሞቱ ጊዜ ገና በወጣትነታቸው ዙፋኑን ያዙ። መቀመጫቸው ከዛሬይቱ የጅማ ከተማ በላይ ባለው በጅሬን ኮረብታ ነበር። እናታቸው ጉሚቲ ብልህ ሴት እንደ ነበሩና ልጃቸውም ምክራቸውን ይሰማ እንደ ነበር የአገሩ ሰው እስከ ዛሬ ይተርካል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ይኸውም አገራቸውን እንዴት ከፍለው ያስተዳድሩ እንደ ነበር ነው። የጅማ መንግሥት ስድሳ ያህል አውራጃ ነበረው፤ እያንዳንዱም ቆሮ ይባል ነበር፤ ገዢውም አባ ቆሮ ይባላል። ቆሮው ደግሞ በገንዳ ይከፈላል፤ ገንዳ በኦሮምኛ ሠፈር ማለት ነው እንጂ ከብት የሚጠጣበት የአማርኛው ገንዳ አይደለም፤ አለቃውም አባ ገንዳ ነው። የመንግሥቱ ዳርቻ ባዶ መሬትና ጉድጓድ የከበበው ሲሆን፣ መግቢያና መውጫው በኬላ ብቻ ነበር፤ በየኬላውም በር ላይ አባ ኬላ የሚባል ዘበኛ ሹም ተቀምጦ የሚገባውንና የሚወጣውን ይመረምራል፤ ከነጋዴውም ቀረጥ ይቀበላል።

እስከዚህ ያለው አከፋፈል በሌላውም መንግሥት ዘንድ ይገኛል። የጅማን ሥርዓት ከጎረቤቶቹ የለየው ግን አባ ቆሮው የሌለው ነገር ነው። አባ ቆሮ በቆሮው ሰላም ያስጠብቃል፤ ሙግት ይሰማል፤ የንጉሡን ትእዛዝ ያስፈጽማል፤ ሰውን ለሥራ ያወጣል። ነገር ግን የራሱ ጭፍራ አልነበረውም፤ ግብሩም በእጁ አልነበረም። ግብር የሚሰበስቡት ከቤተ መንግሥት የተሾሙ ሌሎች ሰዎች ነበሩ፤ የገበያው ሹም ሌላ ነው፤ የኬላው ሹም ሌላ ነው፤ የወኅኒው ጠባቂም ሌላ ነው። ከእነዚህም የሚበዙት ሹመቱን ከአባታቸው የወረሱ ሳይሆኑ በንጉሡ ፈቃድ የተሾሙ፣ በንጉሡም ፈቃድ የሚሻሩ ነበሩ። ከዚህ የተነሣ በአንድ ቆሮ ውስጥ ሦስትና አራት ሹማምንት ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ አንዱም አንዱን አያዝም፤ ሁሉም ወደ ጅሬን ይመለከታሉ። አባ ቆሮው ለማመፅ ቢያስብ ወታደር የለውም፤ ወታደር ሊቀጥር ቢያስብ ገንዘብ የለውም። በሌላው አገር አንድ ባላባት ጦሩንም ግብሩንም ፍርዱንም በአንድ እጁ ይዞ ሳለ፣ ንጉሥ በሞተ ቍጥር አገር ይታመስ ነበር፤ በጅማ ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ አንድ ንጉሥ ያለ ትልቅ ሽፍትነት ነገሠ።

ይህ ነገር በእስልምና ታሪክ ዘንድ እንግዳ አይደለም። ሰይዲና ዑመር ኢብኑል ኸጣብ፣ አላህ ሥራቸውን ይውደድላቸውና፣ ከ13 እስከ 23 ዓመተ ሂጅራ በኸሊፋነት ሳሉ አገሩ ከሒጃዝ ወጥቶ እስከ ግብጽና እስከ ፋርስ በሰፋ ጊዜ ተመሳሳይ መንገድ ይዘው ነበር። ወደ ኩፋ ዐማር ኢብን ያሲርን ለሰላትና ለጦሩ፣ ዐብዱላህ ኢብን መስዑድን ለግምጃ ቤቱና ለማስተማር፣ ዑሥማን ኢብን ሑነይፍን ደግሞ መሬቱን ለክተው ግብሩን እንዲወስኑ ላኩ፤ ለሦስቱም በቀን አንድ በግ ቀለብ ቈረጡ፤ ግማሹ ለዐማር፣ ሩቡ ለኢብን መስዑድ፣ ሩቡ ለኢብን ሑነይፍ ሆነ። ሹም ሲሾሙ ሀብቱን አስቀድመው ያስመዘግቡ ነበር። ሰዎች በሹም ላይ ሲያማርሩ ሙሐመድ ኢብን መስለማን ይልኩ ነበር፤ እርሳቸውም ወደ ኩፋ በሄዱ ጊዜ በየመስጊዱ እየዞሩ ስለ ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ ሕዝቡን በግልጥ ጠየቁ። ሰዕድ ትልቅ ሰሓባ፣ የቃዲሲያም ድል አድራጊ ነበሩ፤ ይህም ከመጠየቅ አላዳናቸውም።

ለነጋዴዎች ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ታሪክ አለ። ሰይዲና ዑመር ዚያድ ኢብን ሑደይርን በመንገድ ላይ የቀረጥ ሹም አድርገው ሾሙ፤ ከሙስሊሙ ነጋዴ ከመቶ ሁለት ተኩል፣ በሙስሊሞች ጥበቃ ሥር ካለው ሰው ከመቶ አምስት፣ ከውጭ አገር ከሚመጣውም ከመቶ ዐሥር እንዲቀበል አዘዙት። አንድ ክርስቲያን የበኑ ተግሊብ ሰው 20,000 ዲርሃም የተገመተ ፈረስ ይዞ አለፈ፤ 1,000 ከፈለ። በዚያው ዓመት በተመለሰ ጊዜ ሹሙ ዳግመኛ 1,000 ጠየቀው። ሰውየው ወደ መካ ወርዶ ለኸሊፋው አመለከተ፤ ኸሊፋውም በአንዲት አጭር ቃል አሰናበቱት፤ እርሱም ነገሩን ችላ ያሉት መስሎት ተስፋ ቈርጦ፣ ሁለተኛውን ሺህ ሊከፍል ወስኖ ተመለሰ። በደረሰ ጊዜ ግን የዑመር ደብዳቤ ቀድሞት ደርሶ አገኘው፤ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ከአንድ ዕቃ ቀረጥ እንዳይወሰድ የሚያዝ ነበር። የሹም ወሰን ማለት ይህ ነው፤ መሬት ላይ ከሚሰመረው ወሰን ይልቅ ነጋዴ የሚያውቀው ይህንን ነው።

የጅማውና የኸሊፋው ሥርዓት አንድ ነው አልልም። የጅማው ከኦሮሞ ባሕልና ከንጉሥ ሥልጣን የተወለደ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚለያቸው አንድ ነገር አለ። በመዲና ኸሊፋው ራሱ በመስጊድ መካከል ይጠየቅ ነበር፤ በጅማ ግን ስድሳው አባ ቆሮ ለአንድ ሰው ይመልሳል፤ ያ አንድ ሰው ለማን እንደሚመልስ የሚወስን ሕግ አልነበረም።

ከጅሬን በታች በሒርማታ ሐሙስ ሐሙስ የሚቆመው ገበያ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከሁሉ የበለጠ ነበር፤ የዛሬይቱም የጅማ ከተማ ያደገችው በዚያው ገበያ ላይ ነው። ከጎጃምና ከጎንደር፣ ከሸዋም የሚመጡ የሙስሊም ነጋዴዎች ጓዝ በዚያ ይራገፍ ነበር፤ ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ አሞሌ ጨው ይለዋወጡ ነበር። ከጊቤ እስከ ቀይ ባሕር ድረስ ነጋዴ የሚያልፈው ኬላ ብዙ ነበርና፣ አንድ ጊዜ ገብቶ በሰላም ሸጦ የሚወጣበት ገበያ ማግኘቱ ለእርሱ ትልቅ ነገር ነበር። ከነጋዴዎቹም ጋር ዑለማ መጡ፤ ይልቁንም ከወሎ የመጡት በዚያ ተቀምጠው አስተማሩ፤ ንጉሡም ያከብሯቸውና ይረዷቸው ነበር፤ ጅማም በዚያ ወገን የእስልምና ትምህርት መናኸሪያ ሆነች።

ስለዚህ ገበያ የሚናገር ሰው ግን ሌላውንም ሊሸሽግ አይገባውም። በሒርማታ ሰውም ይሸጥ ነበር። ጅማ በዘመኑ ከታወቁት የባሪያ ንግድ ስፍራዎች አንዷ ነበረች፤ የንጉሡም ግምጃ ቤት ከዚህ ንግድ ተጠቅሟል፤ ንጉሡም ባሮችን ከወኅኒ ጠባቂነት እስከ ገዢነት በሹመት ያሠሯቸው ነበር፤ ዘመድ የሌለው ሰው በንጉሥ ላይ አያምፅምና። ይህን ሙስሊም ስለ ነበሩ ብቻ የሚያሳምር ጸሐፊ ለዲኑም ለታሪኩም አልሠራም።

የንጉሠ ነገሥት ምኒልክ ጦር ወደ ደቡብ በገሠገሠ ጊዜ የጊቤ መንግሥታት ሁሉ አንድ ምርጫ ቀረበላቸው። ሊሙ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ አንዱ በአንዱ ላይ ተያዙ፤ አገሩም ለጦሩ አለቆች ተከፋፈለ፤ ገበሬውም ገባር ሆነ። አባ ጅፋር በእናታቸው ምክር፣ እንደሚተረከው፣ ሳይዋጉ ገበሩ። በየዓመቱ ግብር ሊልኩ፣ በዘመቻም ሊከተሉ ቃል ገቡ፤ ምኒልክም በጅማ ጦር እንዳያሰፍሩ፣ የአገሩን ሃይማኖትና የውስጥ አስተዳደር እንዳይነኩ ተስማሙ። ስለዚህ ስድሳው ቆሮ እንዳለ ቀረ፤ አባ ቆሮውም በስፍራው ቀረ፤ በላዩ ግን ንጉሡ ራሳቸው በአዲስ አበባ ፊት እንደ አንድ ትልቅ አባ ቆሮ ሆኑ።

ዋጋውም ቀላል አልነበረም። በ1894 በአውሮጳ አቈጣጠር ምኒልክ በወላይታ ላይ ሲዘምቱ የጅማ ሠራዊት አብሮ ዘመተ፤ በ1897 ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በከፋ ላይ ሲዘምቱም እንዲሁ ሆነ። ሁለቱም አገሮች ብዙ ሕዝብ አለቀባቸው። የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማርኮ ወደ ሸዋ ተወሰደ። ጅማ የዳነችው ጎረቤት ሲወድቅ እያየችና እያገዘች ነው፤ አባ ጅፋርን የሚያመሰግን ሰው ይህንንም በሚዛኑ ላይ ያኑር። እኔ ግን አገሩን ከእሳት ያወጣን ሽማግሌ በአንድ ቃል መኰነንን አልደፍርም።

በመጨረሻ ዘመናቸው እርጅናና ሕመም ጸንቶባቸው የልጃቸው ልጅ አባ ጆቢር የመንግሥቱን ሥራ ይሠሩ ነበር። በዚህ መካከል በአዲስ አበባ ዘመን ተለወጠ። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አወጁ፤ አሳባቸውም በየአውራጃው ያለውን የባላባት ሥልጣን ወደ መካከል መሰብሰብ ነበር። በ1924 ዓ.ም. አባ ጆቢር ከሥልጣን ተነሡ፤ የጅማም ራስ ገዝነት አከተመ፤ አገሩም በቀጥታ በማዕከላዊው መንግሥት ሹማምንት ተያዘ። አባ ጅፋርም በ1932 በአውሮጳ አቈጣጠር ወደ ጌታቸው ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው።

እነሆ ወንድሞች ሆይ፤ በነገሩ ውስጥ ያለውን ተመልከቱ። አባ ጅፋር አባ ቆሮዎቻቸው ጦርና ግብር እንዳይኖራቸው አድርገው በአንድ ትእዛዝ ይሽሯቸው ነበር፤ የእርሳቸውም ቤት በዚያው ዓይነት ትእዛዝ ተሻረ። ከጅሬን ወደ ቆሮ የተሠራው ሥራ ከአዲስ አበባ ወደ ጅሬን ተሠራ።

ጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን በወረሩ ጊዜ ሌላ አከፋፈል አመጡ፤ ሕዝቡን በዘርና በሃይማኖት ለይተው በስድስት ትልልቅ ግዛቶች መደቡት፤ ጅማንም የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ አደረጓት፤ አባ ጆቢርንም መልሰው ሾሟቸው። ሥልጣኑ የባዕድ ነበርና ከባዕዱ ጋር ሄደ። ሜክሲኮ የተባለው አደባባያችሁም ስሙን ያገኘው በዚያ ወረራ ምክንያት ነው፤ የሜክሲኮ መንግሥት የጣሊያንን ግፍ አልቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዱ ነበርና።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው የመጀመሪያው ድንጋጌ አገሩን በ12 ጠቅላይ ግዛት ከፈለ፤ ጠቅላይ ግዛቱ በአውራጃ፣ አውራጃው በወረዳ፣ ወረዳውም በምክትል ወረዳ ተከፈለ። ባሌ ከሐረርጌ ተለይታ፣ ኤርትራም ተጨምራ ኋላ 14 ሆኑ። ይህን ድንጋጌ የሚያነብ ሰው የጅሬንን አሳብ በሰፊ ወረቀት ላይ ተጽፎ ያገኘዋል። ገዢው በንጉሠ ነገሥቱ ይሾማል፤ ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ይመልሳል፤ በደመወዝ ያድራል እንጂ ከሕዝቡ አይበላም፤ የራሱ ጦር የለውም፤ ግብሩን የሚሰበስቡት ለገንዘብ ሚኒስቴር የሚመልሱ ሹሞች ናቸው። በወረቀት የተጻፈውና በወረዳ የሚሠራው አንድ አልነበረም፤ መሬትም በባለ ርስቱ እጅ እንደ ነበረ ቀረ፤ ቢሆንም ሹመትንና ግብርን መለየቱ ለአገሩ አዲስ ዘመን ነበር። ጅማም የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች፤ ስድሳው ቆሮ በአውራጃና በወረዳ ስም ሥር ገባ። በዚህ ሁሉ አከፋፈል የቀረው ያው የጅማው ጕድለት ነው፤ ሹሙ ወደ ላይ ይመልሳል እንጂ ወደ ታች ወደ ሕዝቡ አይመልስም። በ1958 ዓ.ም. ለጥቂት አውራጃዎች የራስ አስተዳደር ምክር ቤት ለመስጠት ትእዛዝ ወጥቶ ነበር፤ ገንዘቡን ግን ፓርላማው ሳይፈቅድ ስለ ቀረ ነገሩ አልጸናም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን እናንተው ታውቁታላችሁ፤ በአጭሩ እናልፈዋለን። ደርግ ጠቅላይ ግዛቱን ክፍለ ሀገር ብሎ ሰየመው፤ በ1967 ዓ.ም. ቀበሌን በከተማ አቋቋመ፤ በመጨረሻ ዘመኑም አገሩን በአስተዳደር አካባቢና በራስ ገዝ ከፋፈለው። በ1984 ዓ.ም. በብሔር ብሔረሰብ መሠረት ክልል ታወጀ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም ዘጠኝ ክልሎችን አቆመ። በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ፣ በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተለይተው ክልሎቹ 12 ሆኑ። የቀድሞው የከፋ ጠቅላይ ግዛትም ለሁለት ተከፍሏል፤ ቦንጋ በደቡብ ምዕራብ ክልል ስትሆን፣ ጅማ በኦሮሚያ ክልል ናት። አባ ጅፋር የዘመቱበት አገርና የገዙት አገር በአንድ ጠቅላይ ግዛት ሥር ሃምሳ ዓመት ያህል ከኖሩ በኋላ እንደገና ወሰን ተሰመረባቸው።

የንጉሡ ቤተ መንግሥት ዛሬም በጅሬን ኮረብታ ላይ ቆሟል፤ ሰገነቱም ጠርቡም ለጎብኚ ክፍት ነው። ቆሮ የሚለው የግዛት ስም ከመንግሥት መዝገብ ወጥቷል። በጅማ ዙሪያ ያለ ገበሬ ግን ጕዳዩን ሊያስፈጽም ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሲሄድ፣ በኦሮምኛ የሚጠራው እንደ አባ ጅፋር ዘመን ገንዳ ብሎ ነው።